ክንዱ ይቆያል፣ ኮከቡ ያልፋል

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ሐይቅ እስጢፋኖስ የገቡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ገዳሙ ያኔ በሐይቁ መካከል ባለ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ መሬቱ ከዳሩ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። መምህሩ ተማሪ ሰበሰቡ፣ መጻሕፍት አስጻፉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በ1280 ገደማ የተጻፈው ወንጌላቸው እስከ ዘመናችን ደርሷል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ ማዕረጉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ መንግሥት ከሁሉም ከፍ ካሉት አንዱ ሆነ።

ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ሰማይ ማየቱ አይቀርም። ቀን ቀን የሰው ጥላ በጫማ ይለካል፤ ሌሊት ኮከብና ዶሮ አሉ። በገዳማቱ ከሚነበቡት መጻሕፍት መካከል ሄኖክ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ሰፊ ክፍል አለው፤ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች እየወጣች በምዕራብ በስድስት በሮች እንደምትገባ፣ ዓመቱም 364 ቀን እንደሆነ ይዘረዝራል። በዓላት ከሚሰሉበት ከባሕረ ሐሳቡም ጋር በኋላ የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉ አቡሻኽር ተተርጉሞ ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት «መቼ?» ብለው ነው፤ በዓሉ መቼ ይውላል፣ ጾሙ መቼ ይገባል፣ ኮከቡ በጊዜው ወጥቷል ወይስ ዘግይቷል። ሰማዩ ራሱ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው የሚለው ግን ዋና ጥያቄያቸው አልነበረም።

ለማየት ግን ይታይ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ከሐይቅ አጠገብ ባለችው በአምባሰል ሰማይ ላይ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋል። በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀና ያለ ሰው ደግሞ የጥፍር ያህል የደበዘዘ ነጭ ነገር ያያል። አንድሮሜዳ ናት። ያለ መሣሪያ በዓይን በቀላሉ ከሚታዩት ነገሮች እጅግ ሩቋ እሷ ስትሆን፣ ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ፋርሳዊው አል-ሱፊ በ964 ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል። ያ ደመና ከመሐሉ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ክንድ እንዳለው ለማወቅ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ መቶ ዓመት ፈጅቷል።

በ1610 ጋሊሌዮ ቴሌስኮፑን ወደ ፍኖተ ሐሊብ ቢያዞር ነጩ ጎዳና ለቁጥር የሚያታክት የኮከብ ክምችት ሆኖ አገኘው። በ1755 ፈላስፋው ካንት፣ ገና የሠላሳ ዓመት ያህል ወጣት ሳለ፣ ሰማይ ላይ ከሚታዩት ደብዛዛ ደመናዎች አንዳንዶቹ እንደ እኛው ያሉ ሌሎች የከዋክብት ደሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ጻፈ። በቂ ማስረጃ አልነበረውም። ግምቱ ግን ልክ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕድል በሳይንስ ታሪክ አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት፣ 1773፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ቴሌስኮፕና ኳድራንት ይዞ ነበር። የጁፒተርን ጨረቃዎች እየተመለከተ ያለበትን ቦታ ኬንትሮስ ያሰላ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ከጫናቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ስለኖረ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመኘው የቆየ ነገር ነው። በ1773 መጋቢት ላይ ማርሴይ ደረሰ፤ አንዱን ቅጂ በፓሪስ ለነበረው የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ፓሪስ፣ ኦክቶበር 13 ሌሊት ሻርል ሜሲዬ የተባለ ጅራታም ኮከብ አዳኝ ከድብ ኮከቦች ጅራት አጠገብ አንዲት እጅግ የደበዘዘች ደመና አየ። በዝርዝሩ 51ኛ አድርጎ አሰፈራት።

ሁለቱን ያገናኛቸው ሰው አልነበረም፤ የሚያገናኛቸውም ነገር የለም። ሜሲዬ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ስለ ደመናዎቹ ደንታ ኖሮት አልነበረም፤ ጅራታም ኮከብ መስለው ሥራውን እንዳያበላሹበት ለይቶ ለማወቅ ነው። አንዱ ስለ ከዋክብት ሥርዓት የሚናገረውን ጥንታዊ መጽሐፍ ከጎንደር አመጣ፣ ሌላው በፓሪስ የሰማይን አዲስ ሥርዓት የምታሳየውን ደመና እንደ እንቅፋት ቆጥሮ አለፋት። እኔ ግን 1773 ሲነሣ አንዱን ከሌላው ለይቼ ማሰብ አልችልም። ሄኖክ በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው በ1821 ነው። የ51ኛዋ ደመና መልክ እስኪታወቅ ግን ገና ሃያ አራት ዓመት ቀረው።

በ1845 አንትዋን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ በኢትዮጵያ ከተራራ ተራራ እየወጣ በቴዎዶላይት አገሩን ይለካ ነበር። ወሎን ያኔ የወረ ሂማኖ ኢማሞች ይዘዋታል፤ ራስ አሊ ደብረ ታቦር ናቸው፤ አምባሰል «ጃንጥራር» የሚባል የራሷ ገዥ አላት። ዳባዲ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆይቶ ሲመለስ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ ባሕር ዳር፣ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት አሠራ። በግድግዳዎቹ ላይ አማርኛ አስጻፈበት፤ ከጎኑም የከዋክብት መመልከቻ ተከለ። ካህናት እስከ 1975 ድረስ የከዋክብትን ቦታ እየለኩ መዝግበውበታል።

ዳባዲ በተራራ ላይ ሳለ በአየርላንድ መካከል፣ ብር በምትባል ከተማ፣ ሎርድ ሮስ የሚባል ባላባት የዓለምን ትልቁን ቴሌስኮፕ ጨርሶ ነበር። መስተዋቱ ከመዳብና ከቆርቆሮ ድብልቅ የተቀለጠ፣ ስፋቱ 1.83 ሜትር፣ ክብደቱ ሦስት ቶን ያህል ነው። ያቀለጡት ከረግረግ ተቆርጦ በደረቀ፣ በሚነድ አፈር እሳት ነው፤ ሠራተኞቹም ሮስ ራሱ ያሠለጠናቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ መስተዋት በእርጥበት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ሁለት ተሠሩለት፤ አንዱ ሲወለወል ሌላው ይሠራል። ቱቦው ከአሥራ ስድስት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሁለት ረጃጅም የድንጋይ ግንቦች መካከል በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፣ ወደ ጎን ግን ብዙም አይዞርም። የሚያየው ሰው በእንጨት መሰላል ወጥቶ በጨለማ፣ በብርድ፣ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በሰገነት ላይ ይቆማል። ደመና በማይጠፋበት በዚያ አገር ጥርት ያለ ሌሊት ማግኘት ራሱ ዕጣ ነው።

በዚያው ዓመት ጸደይ ሮስ መሣሪያውን ወደ ሜሲዬ 51 አነጣጠረ። ያየው ደመና አልነበረም። ከመሐል ወጥተው እየተጠማዘዙ የሚዞሩ ክንዶች ነበሩ፤ አንዱ ክንድ ጫፉ ላይ ወደ ሌላ ትንሽ ደመና ይደርሳል። ፎቶግራፍ ገና ለዚህ አልደረሰም፤ ሮስ ዓይኑን ከመስተዋቱ፣ እጁን ከወረቀቱ ሳያለያይ በእርሳስ ሣለው። በጁን ካምብሪጅ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ሥዕሉ ዞረ። የሰው ልጅ የጋላክሲን፣ ማለትም የከዋክብት ደሴትን፣ ክንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ጊዜ ነው። ያንን ሥዕል ዛሬ ከጠፈር ከተነሣው ፎቶግራፍ አጠገብ ሲያስቀምጡት የእጁ ትክክለኛነት ያስደንቃል።

ያው ዓመት ሳያልቅ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ። ረሃቡ ለዓመታት ዘለቀ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ሮስ ፊቱን ከሰማይ ወደ ባላገሩ አዞረ፤ ትልቁ ቴሌስኮፕም ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈታ። እህል ሲጠፋ ሁሉ ነገር እንዴት እንደሚቆም ለወሎ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ሥራው ሲመለስ በ1850 ሮስ አሥራ አራት ያህል ጠመዝማዛ ደመናዎች እንዳሉ አስታወቀ። ምን እንደሆኑ ግን እሱም አያውቅም።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ፎቶግራፍ ለሰማይ ደረሰ። አይዛክ ሮበርትስ፣ በግንባታ ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው፣ በ1888 መጨረሻ ከሊቨርፑል አጠገብ ካለው መመልከቻው አንድሮሜዳን ለሰዓታት ክፍት በተተወ የመስታወት ፕሌት ላይ አነሣ። ያቺ በኅዳር ከሐይቅ በላይ የምትታየው ደብዛዛ ነጥብ በዙሪያዋ የሚዞሩ ክንዶች እንዳሏት ታየ። ሮበርትስ አዲስ የፀሐይ ሥርዓት ሲወለድ ያየ መሰለው፤ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚሰፋ ነገር መሆኑን አልጠረጠረም። ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት በዚሁ በአምባሰል፣ ውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። ክፉ ቀንም በአገሩ ላይ ገብቷል። ከብቱ አልቆ ሰዉ እያለቀ ሳለ ስለ አንድሮሜዳ ፎቶግራፍ የሰማ በአምባሰል ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1912 ሁለት ሥራዎች ተሠሩ። ሄንሪዬታ ሌቪት በሃርቫርድ የተወሰኑ ተለዋዋጭ ከዋክብት ብርሃናቸው የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ጊዜ ከእውነተኛ ድምቀታቸው ጋር እንደሚሄድ አረጋገጠች፤ በዚህ ርቀት ይለካል። ቬስቶ ስላይፈር ደግሞ በአሪዞና አንድሮሜዳ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ እየመጣች መሆኗን ለካ። እንዲህ የሚሮጥ ነገር በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ተራ ደመና ነው ማለት አስቸገረ።

በ1916፣ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወርደው በሰገሌ በተሸነፉበት ዓመት፣ አድሪያን ቫን ማነን የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ ነገሩን አወሳሰበው። በዓመታት ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎችን አነጻጽሮ ሜሲዬ 101 ስትዞር በዓይን ይታያል አለ። እንዲህ በጥቂት ዓመት መዞሯ የሚታይ ከሆነ ቅርብ መሆን አለባት፤ ሩቅ ብትሆንማ ጫፏ ከብርሃን በላይ መሮጥ ይኖርበታል። የሙያ ባልደረባው ሃርሎ ሻፕሊ ወዳጁን ቫን ማነንን አመነ። በ1920 ኤፕሪል ዋሽንግተን ላይ ከሂበር ከርቲስ ጋር ሲከራከር፣ ጠመዝማዛዎቹ ሌሎች ጋላክሲዎች አይደሉም ብሎ ቆመ። ቫን ማነን ጥንቁቅ ሰው ነበር ይባላል። ያየው መዞር ግን አልነበረም። እንደ እኔ፣ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ ክፍል ነው፤ ጥንቁቅ ሰው የሚሻውን ሲያይ የሚያርመው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ያረመው ሰው ኤድዊን ሃብል ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከኦክቶበር 5 ለ6 አጥቢያ 1923፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማውንት ዊልሰን በ2.5 ሜትሩ ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን አነሣ። ፕሌቱ ላይ አዲስ የፈነዳ ኮከብ መስሎት በቀለም «ኤን» ብሎ ምልክት አድርጎ ነበር። ኋላ ከአሮጌ ፎቶግራፎች ጋር ሲያስተያየው ኮከቡ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ደግሞ ይደምቃል፤ ዙሩም 31 ቀን ነው። «ኤን»ኑን ሰርዞ በጎኑ «ቫር!» ብሎ ጻፈ፤ ተለዋዋጭ ለማለት ነው። በሌቪት ሕግ ሲያሰላው ርቀቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ለክርክሩ ግን በቂ ነበር። በ1925 የመጀመሪያ ቀን ጽሑፉ በጉባኤ ፊት ሲነበብ የካንት ደሴቶች እውን ሆኑ።

ከዚያ የመለየት ሥራ መጣ። ሃብል በ1926 ጋላክሲዎችን በመልካቸው መደበ፤ ክብ ወይም ሞላላ ናቸው፣ ጠመዝማዛ ናቸው፣ መሐላቸው ላይ ዘንግ ያላቸውና የሌላቸው። በ1935 የቫን ማነንን ዙረት በልኬት ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በከተማዋ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ባለቤታቸው እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ የአምባሰል ተወላጅ ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰማይን ለአንዳንዶች አጠራው። ዎልተር ባደ ጀርመናዊ ስለነበር አሜሪካ ውስጥ ሳለ ለጦር ሥራ አልተፈለገም፤ ማውንት ዊልሰን ላይ ብቻውን ቀረ ማለት ይቻላል። ከታች ያለችው ሎስ አንጀለስ የአየር ጥቃት ፈርታ መብራቷን ስታጠፋ እሱ የአንድሮሜዳን መሐል ወደ ነጠላ ከዋክብት ለየው። በ1944 ያወጣው ሥራ ስለ ክንዶች ዋና ነገር ተናገረ። መሐሉ በቀያይ፣ ባረጁ ከዋክብት የተሞላ ነው፤ ክንዶቹን የሚያደምቋቸው ግን ሰማያዊ፣ ግዙፍና ለጋ ከዋክብት ናቸው። ክንድ ማለት ኮከብ የሚወለድበት ቦታ ነው።

የእኛ ጋላክሲስ? እኛ ከውስጡ ስለሆንን መልኩን ማየት አንችልም። በ1951 ዲሴምበር ዊልያም ሞርጋን ክሊቭላንድ ላይ በተደረገ ስብሰባ ለጋ ከዋክብትንና የሚያበሩ የሃይድሮጅን ደመናዎችን በርቀታቸው ሲደረድር ክንዶች ሆነው ታዩ፤ እኛ ያለንበትና ከእኛ ወደ ውጭ ያለው። ታዳሚው ማጨብጨብ አልበቃው ብሎ ወለሉን በእግሩ መታ። በዚያው ዓመት መጋቢት፣ ሃሮልድ ዩወን በሃርቫርድ ከላቦራቶሪ መስኮት ባወጣው የቀንድ ቅርጽ አንቴና ከሃይድሮጅን የሚመጣውን የ21 ሴንቲ ሜትር የራዲዮ ሞገድ አገኘ። ይህን ሞገድ ቫን ደ ሁልስት በናዚ በተያዘች ሆላንድ ሆኖ በ1944 በስሌት ተንብዮት ነበር። የብርሃን መንገድ በአቧራ ሲዘጋ የራዲዮ ሞገድ ያልፋል። ሆላንዳውያኑ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን የራዳር ሳህን ለዚህ ተጠቀሙበት፤ በ1958ም ከአውስትራሊያ ተባባሪዎቻቸው ጋር የመላውን ጋላክሲ የሃይድሮጅን ካርታ አወጡ።

ካርታው ግን ከድሮ የቆየ ችግር አጎላ። ፀሐይ በጋላክሲው መሐል ዙሪያ በሰከንድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች አንድ ዙር ለመጨረስ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ወደ መሐል የቀረበ ቶሎ ይዞራል፤ የራቀ ይዘገያል። ክንድ ከተወሰኑ ከዋክብት የተሠራ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ዙር ውስጥ ተጠምዝዞ፣ ተጠቅልሎ ይጠፋ ነበር። ፀሐይ ብቻ እንኳ ከተወለደች ሃያ ያህል ጊዜ ዞራለች። ክንዶቹ ግን ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከአካባቢያችን ትልልቅ ጋላክሲዎችም አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው። ስዊድናዊው በርቲል ሊንድብላድ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ሞገድ ሊሆን ይችላል እያለ ሲደክም ኖሯል፤ ሰሚ አላገኘም ነበር።

በ1964 ሲ.ሲ. ሊን የተባለ በቻይና የተወለደ የሒሳብ ሊቅና ወጣት ተማሪው ፍራንክ ሹ አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡን በሒሳብ አቆሙት። የእፍግታ ሞገድ ይባላል። ለአምባሰል ሰው ይህን ለማስረዳት ግሸን ይበቃል። መስከረም 21 ቀን፣ የግሸን ማርያም ንግሥ፣ በመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። መንገዱ ወደ በሩ ሲጠብ ሰዉ ይጨናነቃል፤ እርምጃው ይዘገያል፤ ትከሻ ለትከሻ ይሆናል። ከሩቅ ተራራ ላይ ሆኖ የሚያይ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ቀኑን ሙሉ እዚያው የቆመ ይመስለዋል። እዚያ ያሉት ሰዎች ግን በየደቂቃው ይለወጣሉ፤ የፊተኛው አልፎ ገብቷል፣ የኋለኛው ደርሶ ተጨናንቋል። ክንድም እንዲሁ ነው። ኮከቦች ከኋላ ይደርሱበታል፣ በስበቱ ዘገም ይላሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ ያልፉታል። ክንዱ ራሱም ይዞራል፤ ግን በራሱ ፍጥነት እንጂ በኮከቦቹ አይደለም።

በዚያ ጠባብ ስፍራ ላይ ጋዝ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ አያልፍም። ይጨመቃል፣ ይሰባበራል፣ ኮከብ ይወልዳል። ከሚወለዱት ግዙፎቹ ሰማያዊ ከዋክብት ዕድሜያቸው በጥቂት ሚሊዮን ወይም አሥር ሚሊዮኖች ዓመት የሚቆጠር ስለሆነ ከተወለዱበት ሳይርቁ ይፈነዳሉ። ክንዱ ለዚህ ነው የሚያበራው። እንደ ፀሐይ ያሉ ቁጥብ ከዋክብት በቢሊዮን የሚቆጠር ዕድሜ ስላላቸው ከክንድ ወጥተው ወደ ሌላ ክንድ ይገባሉ። ፀሐይ ዛሬ ያለችው ከመሐሉ 26,000 ያህል የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ የኦሪዮን ክንድ በሚባለው ውስጥ ነው። ሁልጊዜ እዚያ አልነበረችም፤ ሁልጊዜም እዚያ አትኖርም።

መልሱ ግን ሙሉ አልሆነም። ኢስቶኒያ የተወለደው አላር ቱምሬ በ1969 እንዲህ ያለ ሞገድ የሚያድሰው ካላገኘ በአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሚከስም አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከወንድሙ ዩሪ ጋር ሁለት ጋላክሲዎች ተጠግተው ሲተላለፉ በኮምፒውተር አሠሩ። ሜሲዬ 51 አጠገብ ያለችው ያቺ ትንሽ ደመና፣ ሮስ ክንዱ ጫፍ ላይ የሣላት፣ ራሷ ሌላ ጋላክሲ ናት፤ በስበቷ ጎትታ ክንዶቹን እንዲያ ያጎላች እሷ ናት። ክርክሩ ዛሬም አልዘጋም። አንዳንዶቹ ክንዶች ረዥም ዕድሜ ያለው ሞገድ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ተፈጥረው፣ ፈርሰው፣ ደግሞ የሚፈጠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጎረቤት የጎተታቸው ናቸው። አንድ መልስ ለሁሉም የሚሻ ሰው እስካሁን አልተሳካለትም።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተቋም መልክ የያዘው ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲመሠረት እንደ እብድ ያያቸው ሰው ብዙ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ችግር ኮከብ ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ፤ የመመልከቻው ኃላፊ ዶክተር ሰሎሞን በላይ ነበሩ። ሰርቢያዊቷ ተመራማሪ ሚሪያና ፖቪች ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን ይዛ ስትሠራ፣ ከሥራዎቻቸው አንዱ ብርሃኑ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ በተጓዘ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ የትኛው ጋላክሲ ጠመዝማዛ፣ የትኛው ክብ ወይም ሞላላ እንደሆነ መለየት ነበር። የሃብል ሥራ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚለየው ኮምፒውተር መሆኑ ነው።

የአዲስ አበባ መብራት የእንጦጦን ሰማይ ስላደበዘዘው ለታሰበው ትልቅ መመልከቻ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ተጠንተዋል። ሰሜን ወሎ ነው፤ ከሐይቅ በቀጥታ መስመር ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ከሰሜንም ከደቡብም ሰማይ አብዛኛው ይታያል፤ ሜሲዬ 51 በግንቦት ምሽት በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትቆማለች፣ የፍኖተ ሐሊብ መሐልም በደቡብ ከአድማስ ርቆ ይወጣል። እሑድ ጧት፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ፀሐይ በላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ስትታይ ተመራማሪዎች እዚያ ነበሩ። ሐይቅ ላይ የታየው በከፊል ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት የወልድያን መንገድ ይዞ ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። ከተሞቹ በተመለሱ በሳምንታት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 16፣ የዌብ ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር ተተኮሰ፤ በኋላም ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ከተጠበቀው በጣም ቀድመው፣ ዓለም ገና ወጣት ሳለች እንደነበሩ አሳየ።

የእኛው ጋላክሲ ስንት ክንድ አለው የሚለው ራሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2008 በኢንፍራሬድ የተደረገ ቆጠራ የአሮጌ ከዋክብቱን ብዛት አይቶ ዋናዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው አለ፤ ፐርሲየስና ስኩተም-ሴንታውረስ። በ2019 በራዲዮ ርቀት የለኩ ደግሞ ለጋ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ስፍራዎች ተከትለው ሳጂታሪየስ-ካሪናንና ኖርማን ጨምረው አራት አደረጓቸው። ሁለቱም የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛ የኦሪዮን ክንድ ድሮ ቅርንጫፍ ብቻ ይባል ነበር፤ አሁን ከ20,000 የብርሃን ዓመት በላይ እንደሚረዝም ታውቋል።

በ2013 የተላከችው የአውሮፓ መንኮራኩር ጋያ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ቦታና እንቅስቃሴ ስትለካ ቆይታ በ2025 መጋቢት ተዘግታለች። አራተኛው የመረጃ ስብስቧ በ2026 ዲሴምበር እንዲወጣ ታቅዷል። መረጃዋ ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተረጋጋ ኢንተርኔትና ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደሴ ሆኖም ውጫሌ ሆኖም ያወርደዋል፤ የክንዶቹም ካርታ ከዚያ በኋላ እንደገና ይሣላል።